ራእይና ድምፅ፤ የሞርሞን አጥቢያ መሪዎች በምርጫ ፖለቲካ ውስጥ የነበራቸው ሥፍራ

እግዚአብሔር በቀድሞ ዘመን ለነቢያት ይናገር እንደ ነበረ የማያምን ክርስቲያን የለም። ዛሬም በዚያው አኳኋን ይናገራል፤ የሚናገረውም ለአንድ ነቢይ ብቻ ሳይሆን በየማዕርጉ ለተሾመው ሁሉ ነው ብሎ የሚያምን ማኅበር ግን፣ የምርጫ ድምፅ በሚሰጥበት አገር ሲኖር ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የአጥቢያው አለቃ ተነሥቶ «ለእገሌ ድምፃችሁን ብትሰጡ መልካም እንደ ሆነ መንፈስ መሰከረልኝ» ቢል፣ የተናገረው ማን ነው? ለቃሉ እንቢ ያለው ምእመንስ እንቢ ያለው ለጎረቤቱ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር? በሰሜን አሜሪካ የተነሡት ሞርሞኖች ይህን ጥያቄ ከ180 ዓመት በላይ ተሸክመውት ኖረዋል። ስለ እርሱም ሰው ሞቷል፤ ሹመት ተሽሯል፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የማኅበሩን አሠራር ማወቅ ያሻል። ጆዜፍ ስሚዝ የተባለው የ24 ዓመት ወጣት ቤተ ክርስቲያኑን በ1830 በኒውዮርክ ግዛት፣ ፋዬት በተባለች መንደር ሲመሠርት ደመወዝ የሚቀበል ካህን አላቆመም። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በአጥቢያ ደረጃ ጸንቶ ይገኛል። ጥቂት መቶ ምእመናን የሚገኙበትን አጥቢያ የሚመራው ሰው በእነርሱ ቋንቋ «ኤጲስ ቆጶስ» ይባላል፤ ዳሩ ግን ስሙን ሰምቶ የእኛን ጳጳስ የሚያስብ አንባቢ ይሳሳታል። ሰውየው ሚስትና ልጆች ያሉት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ወይም አስተማሪ ነው። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አልገባም፤ ለጥቂት ዓመታት ያለ ክፍያ አገልግሎ ለሌላው ይለቃል። ሥራውም ከጳጳስ ይልቅ ወደ ደብር አለቃ ያደላል። ብዙ አጥቢያዎች ተሰብስበው «ካስማ» የሚባለውን ይመሠርታሉ፤ ስሙ ከኢሳይያስ የድንኳን ምሳሌ የተወሰደ ነው። ከካስማው በላይ አሥራ ሁለት ሐዋርያትና፣ ነቢይ ተብሎ የሚጠራው ፕሬዚደንት ከሁለት አማካሪዎቹ ጋር አሉ።

በዚህ መሰላል ላይ የቆመ እያንዳንዱ ሰው በተሰጠው ኃላፊነት ልክ ራእይ ሊቀበል ይችላል ተብሎ ይታመናል። አባት ስለ ቤተሰቡ፣ የአጥቢያ አለቃ ስለ አጥቢያው፣ ነቢዩ ስለ ማኅበሩ ሁሉ ማለት ነው። ይህ ድንበር የተሠመረው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። በ1830 ሃይረም ፔጅ የተባለ አንድ አባል በትንሽ ድንጋይ አማካይነት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ራእይ ተቀበልሁ ብሎ ጥቂት ሰዎችን ባስከተለ ጊዜ፣ ጆዜፍ ስሚዝ ለማኅበሩ ሁሉ ትእዛዝ የሚቀበል አንድ ሰው ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አወጣና ነገሩ በረደ። ከዚያ ወዲህ የበታቹ ከበላዩ ወሰን እንዳያልፍ ሕጉ ግልጽ ሆነ። ሆኖም ወሰኑ የተሠመረው በማዕርግ እንጂ በጉዳይ አይደለም። የአጥቢያ አለቃ ስለ ሌላ አጥቢያ መናገር አይችልም፤ በራሱ አጥቢያ ግን ስለ ምን መናገር እንደማይችል በቂ ድንጋጌ አልነበረም። ስለ ጋብቻና ስለ ዕዳ፣ ስለ መስኖ ውኃና ስለ እህል የሚመክር ሰው ስለ ምርጫ ሲመክር የሚያቆመው ምንድን ነው? የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ክፍተት ይመነጫል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1835 በኦሃዮ የጸደቀና ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው ጋር የታተመ አንድ መግለጫ፣ የሃይማኖትን ተጽዕኖ ከመንግሥት አስተዳደር ጋር መቀላቀል ትክክል አለመሆኑን ይናገራል። ቃሉ የማያሻማ ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቈይ፣ በኦገስት 1838 በሚዙሪ ግዛት ጋላቲን በተባለች ከተማ ሞርሞኖች ድምፅ እንዳይሰጡ በመከልከላቸው ድብድብ ተነሣ፤ ይህም ወደ ጦርነት አደገ፤ በኦክቶበርም የግዛቱ ገዥ ሞርሞኖች እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ከዚያ እሳት የወጣ ሕዝብ ድምፁን እንደ ጋሻ ቢቈጥረው የሚያስደንቅ አይደለም። ጋሻም የሚጠቅመው በአንድነት ሲያዝ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ሙሉ መልኩን ያገኘው በኢሊኖይ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በተቈረቈረችው በናቩ ነው። ከተማዪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ አፈራች። ጆዜፍ ስሚዝ ነቢይ ብቻ ሳይሆን ከንቲባም፣ የከተማው ጭፍራ አዛዥም ሆነ። በግዛቱ የሚፎካከሩት ዊግና ዴሞክራት የተባሉት ሁለት ፓርቲዎች የሞርሞንን ድምፅ ያገኘ እንደሚያሸንፍ ስላወቁ ሁለቱም ደጅ ይጠኑ ነበር።

በጁን 1843 ከሚዙሪ የመጣ የእስር ትእዛዝ ጆዜፍ ስሚዝን ከናቩ ውጭ ያዘው። በአካባቢው የነበረው የዊግ ፓርቲ ዕጩ፣ ዝነኛው ጠበቃ ሳይረስ ዎከር፣ ሊሟገትለት ተስማማ፤ በምላሹ ግን የነቢዩን ድምፅ ጠየቀ። ጆዜፍ ስሚዝም ቃሉን ሰጠ። ዎከር በአንድ ሰው ድምፅ ከተማዪቱን በሙሉ እንዳገኘ ቈጥሮ ተደሰተ። ነቢዩ በናቩ ፍርድ ቤት ነጻ ከተለቀቀ በኋላ ግን ሌላ ስሌት መጣ። የግዛቱ ገዥ ቶማስ ፎርድ ዴሞክራት ነበር፤ ጭፍራ ልኮ ነቢዩን መልሶ ማሲያዝ ወይም መተው በእጁ ነበር። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ጆዜፍ ሆግ ቢመረጥ ለሕዝቡ ደኅንነት ይበጃል የሚሉ ሰዎች በከተማዪቱ በዙ።

ምርጫው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው የነቢዩ ታላቅ ወንድም ሃይረም ስሚዝ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ለሆግ ድምፅ መስጠት የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ ተገልጦልኛል አለ። ዊልያም ሎ የተባለው የነቢዩ አማካሪ እዚያው ተቃወመ፤ ነቢዩ ራሱ ለዎከር እንደሚያዘነብል አስታወሰ። ሕዝቡም በሁለት ሐሳብ ተከፍሎ አደረ። በማግስቱ እሑድ፣ ኦገስት 6 ቀን፣ ጆዜፍ ስሚዝ ተነሥቶ ተናገረ። ንግግሩ ለፖለቲካ ተማሪ ሁሉ ሊጠና የሚገባው ነው። እርሱ ራሱ በገባው ቃል መሠረት ለዎከር ድምፁን እንደሚሰጥ፣ ማንንም ግን ለዎከር ምረጡ እንደማይል ገለጸ። ቀጥሎም ወንድሙ ሃይረም ለሆግ መመረጥ መንፈሳዊ ምስክርነት እንደ ተቀበለ እንደ ነገረው፣ ሃይረምም ራእይ አየሁ ብሎ የወደቀበትን ጊዜ እንደማያውቅ ጨመረ። ሰኞ በተደረገው ምርጫ ነቢዩ ለዎከር ድምፁን ሰጠ፤ ናቩ በብዛት ለሆግ ሰጠች፤ ሆግም አሸነፈ።

በዚህ ድርጊት ውስጥ ሐሰት የቱ ላይ እንዳለ ጣት ማሳረፍ ያስቸግራል። ነቢዩ የገባውን ቃል በጥሬው ፈጽሟል። ሃይረምም በልቡ ያመነበትን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡን ከጭፍራ የሚያድን ሐሳብ ከሰማይ የመጣ መስሎ ቢሰማው፣ ይህ በጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከሃይማኖቱ ውጭ ያለው የኢሊኖይ ሕዝብ ያየው ሌላ ነው። አንድ ሰው ቅዳሜ ባየው ራእይ የአንድ ወረዳ እንደራሴ ሰኞ ሲለወጥ አየ። ዊጎች ተታለልን ብለው ተቈጡ፤ ዴሞክራቶችም ዛሬ ለእኛ የወረደ ራእይ ነገ ለባላጋራችን ይወርዳል ብለው ፈሩ። ሞርሞኖች ከሁለቱም ወገን ወዳጅ አጡ። አገረ ገዥው ፎርድ ከሞቱ በኋላ በ1854 በታተመው የኢሊኖይ ታሪኩ ይህን ሁሉ ተርኮታል። በእርግጥ ፎርድ የራሱን ስም ለመከላከልም ይጽፍ ስለ ነበር ቃሉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

በዚያች እሑድ ዋዜማ የተቃወመው ዊልያም ሎ በኋላ ስለ ሌሎችም ነገሮች፣ ይልቁንም ስለ ብዙ ሚስት ጋብቻ፣ ከነቢዩ ተለየ። በጁን 1844 ከጓደኞቹ ጋር ያሳተመው «ናቩ ኤክስፖዚተር» የተባለው ጋዜጣ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ፣ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን አንድ ለማድረግ የሚደረገውን ሙከራ የሚያወግዝ ነበር። ጆዜፍ ስሚዝ በዚያ ጊዜ ለአሜሪካ ፕሬዚደንትነት ዕጩ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ማተሚያው እንዲፈርስ ወሰነ፤ ከንቲባው ስሚዝም አስፈጸመ። ጋዜጣው ከአንድ እትም በላይ አልወጣም። ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች ታስረው፣ በጁን 27 ቀን 1844 በካርቴጅ እስር ቤት በታጠቁ ሰዎች ተገደሉ። ለግድያው ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ያለፈው ዓመት ምርጫ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል።

በብሪገም ያንግ መሪነት ሕዝቡ በ1847 ወደ ዩታ ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥያቄው ተኝቶ ቈየ፤ ተፎካካሪ አልነበረምና። ያንግ የቤተ ክርስቲያኑ ፕሬዚደንት ሲሆን እስከ 1858 ድረስ የዩታ አገረ ገዥም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለመሪዎቻቸው ድጋፋቸውን የሚገልጹት ቀኝ እጃቸውን በማንሣት ነው፤ የሕዝብ ሹመት ዕጩዎችም በብዙ ስፍራ የቀረቡትና የጸደቁት በዚሁ መንፈስ ነው። እስከ 1878 ድረስ የድምፅ ወረቀቶች ቍጥር ይጻፍባቸው ስለ ነበር ማን ለማን እንደ ሰጠ ማወቅ ይቻል ነበር። በ1870 ከሞርሞን ውጭ የሆኑትና ከማኅበሩ የተለዩት «ሊበራል» የተባለውን ፓርቲ ሲያቋቁሙ፣ ሞርሞኖቹ ደግሞ «የሕዝብ ፓርቲ» አሉ። ስለዚህ ፓርቲና ሃይማኖት አንድ ሆኑ፤ የአጥቢያው አለቃ ስለ ምርጫ የሚናገረው ቃል ከስብከቱ አልተለየም።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1891 ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓመት በፊት የብዙ ሚስት ጋብቻን በይፋ አቁሟል። ዩታ ሙሉ ግዛት ትሆን ዘንድ «የሕዝብ ፓርቲ» በጁን ወር ፈረሰ፤ ምእመናንም በአገሪቱ ሁለት ፓርቲዎች እንዲከፋፈሉ ተነገራቸው። ሆኖም አብዛኛው ሕዝብ ሪፐብሊካኖችን ይጠላ ነበር፤ ብዙ ሚስት ያገባውን የሚያሳስሩትን ሕጎች ያወጡ እነርሱ ናቸው ብሎ ያምን ነበርና። ሁሉም ዴሞክራት ቢሆን ደግሞ ሪፐብሊካኖች የግዛትነቱን ጥያቄ ያግዱታል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ መሪዎቹ ሪፐብሊካን የሚሆን ሰው መፈለግ ጀመሩ።

በዩታ ሽማግሌዎች አፍ የቈየ አንድ ወግ አለ። በአንድ አጥቢያ አለቃው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ ከመካከለኛው መተላለፊያ በስተ ቀኝ የተቀመጡት ዴሞክራት፣ በስተ ግራ የተቀመጡት ሪፐብሊካን እንዲሆኑ አዘዘ ይባላል። በሌላ መንደር ደግሞ አለቃው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ አንዱን ቤት ለአንዱ ፓርቲ፣ ቀጥሎ ያለውን ለሌላው መደበ ይላሉ። ወጉ በቦታና በስም እየተለዋወጠ ስለሚነገር በእያንዳንዱ ዝርዝሩ ማመን ያስቸግራል፤ ለባህል ተመራማሪ ግን ዋጋው አይቀንስም። የሚነገረው እየተሳቀ ነው። ሕዝቡ የሚሥቀው ፓርቲ በትእዛዝ ሊያዝ መቻሉን አይቶ ነው፤ በዚያውም አያቶቹ መታዘዛቸውን በኩራት ይናገራል። ሣቁና ኩራቱ በአንድ ወግ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

መከፋፈሉ በተግባር እኩል አልነበረም። ለሪፐብሊካን የሚሰብኩ ሐዋርያት ሲፈቀድላቸው ዴሞክራቶቹ ዝም እንዲሉ ይመከሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ከ1879 ጀምሮ ሐዋርያ የነበረው ሞዜስ ታቸርና፣ የታሪክ ጸሐፊው ብሪገም ሮበርትስ ይገኙ ነበር። ሁለቱ በ1895 ያለ ፈቃድ ለምርጫ በመቅረባቸው፣ ጆዜፍ ኤፍ. ስሚዝ በኦክቶበር የካህናት ስብሰባ ላይ ነቀፋቸው። ነቃፊው የዚያ የናቩው የሃይረም ስሚዝ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል። በአፕሪል 1896፣ ዩታ ግዛት በሆነች በሦስተኛው ወር፣ ከፍተኛ ሹማምንት ለፖለቲካ ሹመት ከመቅረባቸው በፊት ከበላዮቻቸው ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያዝ ሰነድ ወጣ። ሮበርትስ ብዙ ከታገለ በኋላ ፈርሞ ነበር። ታቸር እንቢ አለ። ሰነዱ እንደ ተጻፈ ቢሠራበት የሕዝብን ምርጫ በቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ሥር ያውላል የሚል ነበር ክርክሩ። በኖቬምበር ከሐዋርያነት ተሻረ። በሚቀጥለው ዓመት ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ፤ ከዚያም በሶልት ሌክ ካስማ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ውሳኔውን በመቀበል አባልነቱን አተረፈ። ሰነዱ ራሱ መልካም ጎን ነበረው፤ ሐዋርያ ሥራውን ትቶ በምርጫ መድረክ እንዳይውል ይከለክላልና። ነገር ግን የመፍቀድ ሥልጣን ያለው የመከልከልም ሥልጣን አለው፤ ሪፐብሊካኑ ሐዋርያ ሪድ ስሙት በ1903 ፈቃድ አግኝቶ የምክር ቤቱ አባል ሲሆን ታቸር ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉት አርባ ዓመታት በሌላ በኩል ያስተምራሉ። በ1912 ጆዜፍ ኤፍ. ስሚዝ፣ በዚያ ጊዜ ፕሬዚደንት ሆኖ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መጽሔት ዊልያም ታፍትን ደገፈ፤ ታፍትም በአገሪቱ ካሸነፈባቸው ሁለት ግዛቶች አንዷ ዩታ ሆነች። በ1919 ስለ መንግሥታት ማኅበር በተነሣው ክርክር ሐዋርያት ከሁለት ተከፍለው፣ ሁለቱም ወገን መጽሐፈ ሞርሞንን ጠቀሰ፤ ማኅበሩን የሚደግፈው ፕሬዚደንት ሂበር ግራንት ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ክርክር በመግባታቸው ማዘኑን በአደባባይ ተናገረ። ያው ግራንት በ1933 የመጠጥ ክልከላው ሕግ እንዳይሻር ቢለምንም፣ ሕጉን ለመሻር የሚያስፈልገውን 36ኛ ድምፅ የሰጠችው ዩታ ነበረች። በ1936 የቤተ ክርስቲያኑ ጋዜጣ ከምርጫው ጥቂት ቀናት በፊት ሩዝቬልትን በሚቃወም ርእሰ አንቀጽ ወጣ፤ የዩታ ሕዝብ ከመቶ 69 ያህሉ ለሩዝቬልት ድምፁን ሰጠ። እሑድ ለነቢዩ እጁን ያነሣ ገበሬ ማክሰኞ እንዳሻው መረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሞርሞን ሁሉ በትእዛዝ ይመርጣል የሚለው የውጭ ሰዎች አባባል ከእውነት የራቀ ነው።

ነገሩ እንደገና የጠነከረው በእዝራ ታፍት ቤንሰን ዘመን ነው። ቤንሰን ሐዋርያ ሳለ ከ1953 እስከ 1961 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስትር ሆኖ አገለገለ። ከዚያ መልስ ኮሙኒዝም አገሪቱን ሊውጥ ነው በሚል ስብከቱ «ጆን በርች ማኅበር» የተባለውን ቡድን በግልጽ አመሰገነ፤ ልጁም በ1962 የቡድኑ የዩታ አስተባባሪ ሆነ። በየአጥቢያው የቡድኑ ደጋፊዎች በሃይማኖት ክፍሎች ይናገሩ ጀመር። በጃንዋሪ 1963 የቤተ ክርስቲያኑ ቀዳማዊ አመራር ማኅበሩን ከፖለቲካ ቡድን ጋር ማያያዝን የሚነቅፍ መግለጫ አወጣ፤ ከአማካሪዎቹ አንዱ ሂዩ ብራውን ራሱ ዴሞክራት ነበር።

ለዚህ ስብከት በሕዝቡ መካከል የተዘጋጀ መሬት ነበረው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተጻፈ ማመን የሃይማኖቱ ክፍል ነው። በዚህ ላይ ደግሞ «የነጭ ፈረስ ትንቢት» የሚባል፣ ከጆዜፍ ስሚዝ ሞት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌሎች ሰዎች የተጻፈ፣ ሕገ መንግሥቱ በቀጭን ክር ሲንጠለጠል ሞርሞኖች ያድኑታል የሚል ነገር ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ ነበር። ጆዜፍ ኤፍ. ስሚዝ በ1918 ትንቢቱን ከንቱ ብሎ አጣጥሎታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ2010 እንደ ትምህርቱ እንደማይቀበለው ገልጿል። ነገር ግን በጉባኤ የተነቀፈ ትንቢት በማድቤትና በእርሻ መሐል አይሞትም። በምርጫ ዘመን አንድ የአጥቢያ አለቃ «ክሩ ሊበጠስ ነው» ቢል፣ ሁሉም ማን ሊመረጥ እንደሚገባ የተነገረው ይመስለዋል፤ የማንም ስም አልተጠራም።

የአጥቢያው አሠራር ኃይል በግልጽ የታየው በጁን 1977 ነው። የዓለም አቀፍ የሴቶች ዓመት ስብሰባ በሶልት ሌክ ከተማ ሲደረግ ጥቂት ሺህ ሴቶች ይጠበቁ ነበር፤ ከእያንዳንዱ አጥቢያ አሥር ሴቶች እንዲላኩ መልእክት በመተላለፉ ከ12 ሺህ በላይ መጡ፤ የቀረቡትንም አገር አቀፍ ውሳኔዎች በሙሉ በድምፅ ጣሉ። ከመጡት ብዙዎቹ ውሳኔዎቹን አላነበቡም ነበር የሚሉ አሉ፤ በራሳቸው እምነት መጣን የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የዩታ ሴቶች ገና በ1870 ድምፅ መስጠት የጀመሩ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1979፣ የእኩል መብት ማሻሻያውን በመደገፍ የታወቀችው ሶንያ ጆንሰን በቨርጂንያ በአጥቢያዋ አለቃ ሸንጎ ተወግዛ ተለየች። ሸንጎው ያወገዛት ስለ ፖለቲካ አቋሟ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ በመጕዳቷ ነው አለ። በፖለቲካ አቋምና በሥራው ጕዳት መካከል ያለውን መስመር እንዲለይ የተተወው ግን አንድ ደመወዝ የሌለው የአጥቢያ አለቃ ነበር፤ በአንዲት ሴት ነፍስ ላይ የሚፈርድ ሰው ይህን ያህል ሸክም ብቻውን መሸከሙ ለፈራጁም ለተፈረደባትም ከባድ ነው።

በ1998 ማርሊን ጄንሰን የተባለ ከፍተኛ መሪ ደግ ሞርሞን ዴሞክራትም ሊሆን ይችላል ብሎ በጋዜጣ እንዲናገር ተደረገ፤ ይህ መነገር ማስፈለጉ ራሱ የዘመኑን ሁኔታ ያሳያል። በ2008 ደግሞ በካሊፎርኒያ አጥቢያዎች ሁሉ በተነበበ ደብዳቤ፣ ምእመናን ጋብቻን የሚመለከተውን የሕዝብ ውሳኔ በጊዜያቸውና በገንዘባቸው እንዲደግፉ ተጠየቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ይህን የግብረ ገብ ጉዳይ እንጂ የፓርቲ ጉዳይ አይደለም ይላል። ልዩነቱ በጽሑፍ ግልጽ ነው፤ በአጥቢያ አዳራሽ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም። በ2011 የወጣ ደንብ የሙሉ ጊዜ መሪዎች በምርጫ ዘመቻ እንዳይሳተፉ ከለከለ፤ የአጥቢያና የካስማ መሪዎች ግን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የደገፋቸው እስካላስመሰሉ ድረስ፣ በግላቸው እንዲሳተፉ ተዋቸው።

በአሜሪካ የምርጫ ዓመት በመጣ ቍጥር ቤተ ክርስቲያኑ ማንንም ፓርቲ እንደማይደግፍ የሚገልጽ ደብዳቤ በአጥቢያዎች ይነበባል። በጁን 2023 የተላከው ከቀድሞዎቹ የጠነከረ ነበር። ዕጩዎችን ሳይመረምሩ በልማድ ለአንድ ፓርቲ ብቻ ድምፅ መስጠት ለዴሞክራሲ አደጋ መሆኑን፣ ከተገለጡት የእምነቱ መመዘኛዎችም ጋር እንደማይስማማ ይናገራል። ደብዳቤውን ያነበቡት በየአጥቢያው ያሉት አለቆች ናቸው፤ የቆሙትም በየእሑዱ በሚቆሙበት በዚያው መድረክ ላይ ነው።